በመስኮቱ ሥር የወደቀው ግማሽ ማህተም

ይህ የደረሰብኝ ካቻምና ግንቦት ላይ ነው። ለሰው ሳወራው የማይስቅ የለም፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ብቻዬን ስሆን ግን ያን ያህል አያስቀኝም። የአንዲት የሰው ልጅ እንጀራ በእኔ አፍ ሊዘጋ ለጥቂት ነው የተረፈው፤ ለዚህ ነው ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ።

መጀመሪያ ማንነቴን ልንገራችሁ። የምኖረው ቢቸና ነው። ጡረታ እስክወጣ ድረስ ሃያ ስምንት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ሥራዬ ወረቀት መቀበል፣ ማየት፣ ቁጥር መስጠትና ቦታው ማስቀመጥ ነበር። ከሁሉ አስበልጬ የማውቀው ማህተም ነው። የየትኛው መሥሪያ ቤት ማህተም ጠርዙ እንደተበላ፣ የትኛው ቀለም እንደሚበዛበት ከሩቅ አይቼ እናገር ነበር። ባልደረቦቼ "የእትዬ ጥሩነሽ ዓይን" እያሉ ያሾፉብኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ ግን ተሸወድኩ። አንድ ሰውዬ በሌላ ሰው የትምህርት ማስረጃ ላይ የራሱን ፎቶ ለጥፎ አመጣልኝ። እንደምታውቁት ጉርድ ፎቶ ወረቀት ላይ ሲለጠፍ ማህተሙ ግማሹ ፎቶው ላይ፣ ግማሹ ወረቀቱ ላይ ነው የሚያርፈው። ሰውዬው ለካ ፎቶው ላይ ያለውን ግማሽ ራሱ ሠርቶ፣ ወረቀቱ ላይ ከቀረው ግማሽ ጋር አጋጥሞታል። እኔ ቁጥር ሰጥቼ አስገባሁት። ነገሩ ሲታወቅ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ የተሰጠው ለእኔ ነው። ደብዳቤው እስከ ዛሬ ከግል ማኅደሬ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ወረቀት ላይ ግማሽ ክብ ሳይ ደሜ ይፈላል።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጓሮ በኩል አንዲት የማከራያት ክፍል አለችኝ። ካቻምና የተከራየችው ስመኝ የምትባል የሞጣ ልጅ ነበረች፤ ሃያ አራት ዓመት ቢሆናት ነው። አፀደ ሕፃናት ታስተምራለች፤ ቅጥሯ ግን የኮንትራት ነበር። ስትወጣ "ደህና ይዋሉ እትዬ"፣ ስትገባ "እንደምን ዋሉ እትዬ" ብላ ወደ ክፍሏ ነው። እኔ ደግሞ ዝምተኛ ሰው አላምንም። ወሬኛ የሆዱን ሁሉ ይዘረግፈዋል፤ ዝምተኛውስ የት ያደርገዋል?

ቤቱን የተረከበች ዕለት፣ ክፍሉን ገና አስቀብቼው ስለነበር፣ ጠበቅ አድርጌ ነገርኳት። "ልጄ፣ ምስማር አልወድም። ቀለም የሚባል ነገርም ከዚህ ግድግዳ እንዳይደርስብኝ" አልኳት። "እሺ እትዬ" አለችኝ። ይቺን ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

ከፋሲካ በኋላ ጠባይዋ ተለወጠብኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሯን ትዘጋለች፣ መጋረጃዋን ትጋርዳለች። ከዚያ ከውስጥ ድምፅ ይመጣል። ጧ። ዝም። ጧ። ዝም። ሃያ ስምንት ዓመት የሰማሁትን ድምፅ ማን ያስረሳኛል? ማህተም ሲመታ ነው። የአፀደ ሕፃናት መምህርት ከመኖሪያ ክፍሏ ምን የሚያስመታ ማህተም አላት?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ግቢ ስጠርግ፣ ከመስኮቷ ሥር አንዲት ወረቀት ወድቃ አገኘሁ። ጉርድ ፎቶ የምታህል አራት ማዕዘን ናት፤ በመቀስ በጥንቃቄ ተቆርጣለች። አንደኛው ጥግ ላይ በወይን ጠጅ ቀለም ግማሽ ክብ ተመትቶባታል። ክቡ ድርብ ነው፤ በሁለቱ መስመሮች መካከል ፊደል የመሰለ ጥቃቅን ነገር ዙሪያውን ተደርድሯል። ከወረቀቷ ጠርዝ ሲደርስ ቁርጥ ይላል። ሌላው ግማሽ የለም።

"በስመ አብ!" አልኩ፤ መጥረጊያው ከእጄ ወደቀ። በፎቶ ልክ የተቆረጠ ወረቀት፣ ጥጉ ላይ ግማሽ ማህተም! ያ ሰውዬ የሠራኝ ሥራ ራሱ ነው። ቤት ገብቼ አጉሊ መነጽሬን አወጣሁና ፊደሉን ለማንበብ ሞከርኩ። አይነበብም። "ገና እየተለማመደች ነው" አልኩ። አያችሁ፣ አለመነበቡ እንኳ ጥርጣሬዬን አልቀነሰውም፤ ጭራሽ አጠነከረው።

በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ሁለት አገኘሁ። ሦስቱንም በፖስታ ከተትኩና የየዕለቱን ቀን ጻፍኩበት፤ የመዝገብ ቤት ሰው አይደለሁ? አራተኛዋን ግን ከመሬት አላነሳኋትም። እውነቱን ልናገር ብያለሁና ልናገር፤ መስኮቱ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ደፉ ላይ ተደርድረው አየሁ፣ እጄን ሰድጄ ወሰድኩ። በድምሩ ሰባት አደረስኳቸው። በዚህ ዕድሜዬ የሰው መስኮት ሥር ማድባት! የዚያን ጊዜ ግን ሥራ ላይ ያለሁ ነው የመሰለኝ።

አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ልብስ ስታጥብ አገኘኋት። ጣቶቿ ወይን ጠጅ ሆነዋል። "ስመኝ፣ ምን እየሠራሽ ነው ሰሞኑን?" አልኳት። ደነገጠች። "ምንም እትዬ፤ የልጆች ነገር ነው" አለችና እጇን ነጠላዋ ውስጥ ከተተች። በቃ፣ አለቀ ደቀቀ። እውነተኛ ሰው እጁን ይደብቃል?

አዳነ የሚባል በእኔ እጅ ሥራ የለመደ ልጅ አለ። ዛሬ የቅጥር ጉዳይ የሚታይበት አንድ ቢሮ ውስጥ ነው፤ የት እንደሆነ አልናገርም። ሄጄ ከሰባቱ ወረቀቶች ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

"ይቺ ልጅ ማስረጃዋ በደንብ ይታይ ብዬ ነው" አልኩት።

"እርስዎ ካሉማ እትዬ፣ የእርስዎን ዓይን እኛ አናውቀውም?" አለኝ። "ቋሚ የሚሆኑት መምህራን ዝርዝር እየተዘጋጀ ነው። የእሷን ስም ለጊዜው አቆየዋለሁ።"

"ኧረ እኔ አቆየው አላልኩህም፤ ተመልከት ነው ያልኩህ።"

አላልኩህም ስል እያልኩት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን። ወረቀቶቼን ሰብስቤ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ልጅቷ ጭራሽ እንግዳ ነገር አመጣች። አልፎ አልፎ ሽሮም ምስርም ሠርቼ በሳህን ሳደርስላት፣ ሳህኑን አጥባ፣ መርቃኝ ነበር የምትመልሰው። አሁን "በልቻለሁ እትዬ" ትለኛለች። ግድ ብዬ ትቼላት ብሄድ፣ ሳህኑ እንዳለ ይመለሳል። ቀጥላ የበሯን ቁልፍ ቀየረች። አንድ ጠዋት ደግሞ ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል እየቀዳች በሯንና የመስኮቷን ሥር ስትረጭ ደረስኩባት። አየችኝና ዓይኗን ሰበረች። "ኅሊናዋ አላስቀምጥ ብሏታል" አልኩ በልቤ።

በማግስቱ እያለቀሰች ገባች። "ምን ሆንሽ?" አልኳት።

"ስሜ ዝርዝሩ ላይ የለም እትዬ። ዝርዝሩ ሐሙስ ይሄዳል። እስከዚያ ካልገባሁ ኮንትራቱም ስለማይታደስ ሥራ የለኝም፤ ወደ ሞጣ መመለሴ ነው።" ይህን ብላ አተኩራ አየችኝ፤ አስተያየቷ ምን እንደሆነ አልገባኝም። አዘንኩላት ብል ውሸት ነው። ያልኩት "ይኸው ተያዘች!" ነው።

ማክሰኞ ሞጣ ለቅሶ መድረስ ነበረብኝ። እግረ መንገዴን የልጅቷን ነገር ከሥሩ ላጣራ ብዬ፣ ፖስታዬን በቦርሳዬ ይዤ በማለዳ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አባቷ ሞጣ መናኸሪያው አጠገብ ጫማ እንደሚሰፉ ነግራኝ ነበር። ደብረ ወርቅን አልፈን እስክንርቅ ድረስ ምን ብዬ እንደምጠይቃቸው ሳወጣ ሳወርድ ነበር። ሰበብ አላጣሁም፤ የቀኝ ጫማዬ ሶል ከፊቱ አፉን ከፍቷል።

ለቅሶው ቤት ደርሼ ስመለስ አባቷን አገኘኋቸው። ከሲታ፣ ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ ናቸው። "ይቀመጡ እትዬ፣ እግርዎን መሬት አያስነኩት" ብለው ዱካና ነጠላ ጫማ ሰጡኝ፤ ወስፌያቸውን አንስተው ሥራ ጀመሩ። ዓይኔን ወደ መሣሪያ ሣጥናቸው ስወረውር ምን ባይ ጥሩ ነው? ከጫማ ሶል የተቀረጹ ማህተሞች! አንዱ ክብ ነው፣ ድርብ ክብ፣ መካከሉ ላይ ዙሪያውን ጥቃቅን ነገር የተደረደረበት። አባትና ልጅ ተባብረው ነው ለካ!

"ማህተምም ይቀርጻሉ እንዴ?" አልኩ፣ ድምፄን ማር አድርጌ።

ሳቁ። "ኧረ ምን ማህተም፣ የልጅ ጨዋታ ነው። ልጄ ቢቸና ሕፃናት ታስተምራለች። ለሚመረቁት ልጆቿ በእጇ ካርድ ትሠራለች። ጎማውን እኔ ቀርጬ እልክላታለሁ፣ እሷ ትመታዋለች፤ እነዚህ መሞከሪያዎቹ ናቸው። ቆይ ላሳይዎት።"

እጃቸውን ጠረጉና ነጭ ወረቀት አነሡ። መጀመሪያ አራት ማዕዘኑን ጎማ የማህተም ቀለም አስነክተው መቱት፤ የፊደል ገበታ ሆነ፣ ትናንሽ ቤቶች ያሉት። "ፊት የሚሆነው ቀድሞ ነው የሚመታው" አሉኝ። ቀጥለው በገበታው ልክ የተቆረጠች ወረቀት አንሥተው ገበታው ላይ ከደኑበት። ያን ድርብ ክብ ቀለም አስነኩና ከገበታው ጥግ ላይ መቱት፤ ግማሹ በክዳኗ ወረቀት ላይ፣ ግማሹ በነጩ ላይ አረፈ። ጧ። ከዚያ ክዳኗን ብድግ አደረጓት።

ፀሐይ ነበር። ከፊደል ገበታ ጀርባ የምትወጣ ፀሐይ። እኔ በአጉሊ መነጽር ፊደል ነው ብዬ ያፈጠጥኩበት ጨረሯ ነው። ወይን ጠጁ ቀለም ደግሞ ከጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ሌላ ስላልተገኘ ነው። አባቷ ወረቀቱን ሰፋ ካለ ቀይ ወረቀት ላይ፣ ቀዩን ደግሞ ካርቶን ላይ አነባበሩና "እንዲህ ተለጥፎ ነው ካርድ የሚሆነው" አሉ። ያቺ ክዳን ግን በእጃቸው እንደያዟት ነበረች። ጉርድ ፎቶ የምታህል፣ ጥጓ ላይ ግማሽ ክብ ያለባት። ሰባት እህቶቿ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ናቸው።

ቦርሳዬን ወደ ራሴ ሳብኩ። እሳቸው ምን አውቀው፣ ጫማዬን መልሰው አንሥተው ወጋቸውን ቀጠሉ።

"ብቻ ልጄ አሁን ሰላም የላትም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እነዚህ መክደኛዎቿ እንዲደርቁ መስኮት ላይ ስታደርጋቸው እየጠፉባት ነው። አንድ ቀን አከራይዋ ሴትዮ ሲወስዱ በመጋረጃው ቀዳዳ አይታለች። የእሷ እጅ የነካውን፣ በቀለም የተጻፈበትን ወረቀት ሴትዮዋ ምን ያደርጉታል? ደብተራ ጋ ለመተት ነው እንጂ! ምግብም ያመጡላታል አሉ፤ እንዳትቀምሺ ብያታለሁ። ጠበልም የላክሁላት እኔ ነኝ። ይኸው ደግሞ ቋሚ ልትሆን ስትል ስሟ ከዝርዝር ጠፋ። 'የሴትዮዋ ሥራ ነው' ትላለች።"

ምን ልበል? ደብተራ ደጅ ረግጬ አላውቅም። ግን የሴትዮዋ ሥራ ነው፤ አልተሳሳተችም። እኔ እሷን በሐሰት ጠረጠርኳት፤ እሷ እኔን የጠረጠረችኝ ግን እውነት ሆነ። መድኃኒቱ ነው የተለየው፤ አፌ ነው እንጂ ሥራ ሥር አይደለም።

ማንነቴን ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። አልደፈርኩም። ጫማዬን አጠናቀው ሲያቀብሉኝ እንዲህ አሉኝ። "እርስዎ የጸሎት ሰው ይመስላሉ እትዬ። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለሙ ልጄን ያስቡልኝ።" የክርስትና ስሟንም ነገሩኝ።

መተተኛ አጥብቆ የሚፈልገው የክርስትና ስም ነው ይባላል። እሳቸው ደግሞ መተተኛ ላሏት ሴትዮ፣ በገዛ አፋቸው፣ አደራ ብለው ሰጧት። ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ነጠላዬን ተከናንቤ አለቀስኩ። አጠገቤ ያለችው ሴት የለቅሶው መስሏት "እግዜር ያጽናዎት" አለችኝ።

ረቡዕ ጠዋት ቢሮው ሳይከፈት ከአዳነ በር ላይ ቆሜ ነበር። ሁሉንም ነገርኩት። ራሱን አከከ። "አሁን ዝም ብዬ ባስገባት አለቃዬ 'ለምን አቆየሃት?' ይለኛል። በጽሑፍ ይስጡኝ እትዬ።"

"አንተ! ሳስቆም በቃሌ፣ ሳስለቅቅ በጽሑፍ?" ብዬ ጮኽኩበት። በማን ላይ እንደምጮህ ግን አውቄዋለሁ። ተቀምጬ ጻፍኩ። ያለ በቂ ምክንያት በመምህርቷ ላይ ጥርጣሬ ያሰማሁት እኔ ነኝ፣ ጥርጣሬዬም ስህተት ነው ብዬ ሙሉ ስሜን አሰፈርኩ፣ ፈረምኩ። አዳነ አንብቦ የልጅቷን ስም ዝርዝሩ ላይ ሲያሰፍር በዓይኔ አይቼ ነው የወጣሁት። ሐሙስ ዝርዝሩ ከነስሟ ሄደ።

የቀረኝ የከበደው ነበር። የዚያኑ ረቡዕ ከሰዓት ፖስታዬን ይዤ በሯን አንኳኳሁ። ሰባቱን ወረቀቶች ሳወጣ ወደ ኋላ ሸሸች።

"አያስጠጉብኝ!" አለች፤ ድምፅዋ ተሰበረ።

"ልጄ፣ እነዚህን ደብተራ አላያቸውም። ዓይኔ ነው የጠፋው" አልኳትና ከመጥረጊያው ጀምሬ እስከ አዳነ፣ አንድም ሳልደብቅ ተናዘዝኩ። ቆማ ሰማችኝ።

"ማህተም?" አለች በመጨረሻ። "ፀሐይ እኮ ነው።"

"አባትሽ አሳዩኝ።"

"ለምን በግልጽ አልጠየቁኝም እትዬ?"

"ጠይቄሽ 'ምንም' አልሽኝ።"

"ግድግዳዬን ቀለም እንዳታስነኪ ብለውኛል። ቀለም መያዜን ካወቁ ያስወጡኛል ብዬ ፈርቼ ነው።" ከዚያ እንባዋ መጣ። "እኔም መተተኛ ብዬዎታለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

እሷ ይቅርታ ስትጠይቀኝ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "መተቱማ ሊይዝ ነበር ልጄ፤ ይቅር ማለት ያለብሽ አንቺ ነሽ" አልኳት። "ይቅር ብያለሁ" አለች። ወረቀቶቹን አንድ በአንድ ቆጥራ ተቀበለችኝ። ሰባቱንም እንደገና ስትቆርጥ ነው ለካ የከረመችው።

በሁለተኛው ቀን አባቷ ስልክ ደወሉልኝ። እኔ ቃል ሳልተነፍስ፣ "ጫማው እንዴት ሆነ እትዬ?" አሉ። "ደህና ይዟል" አልኩ በሰለለ ድምፅ። "አይ እኔ ሞኙ! ያን ጊዜ አፍዎንም አብሬ ሰፍቼው ቢሆን!" ብለው በሳቅ ፈነዱ። ያ ሳቅ እንዴት እንዳቀለለኝ አልነግራችሁም።

እንዲህም ሆኖ ነገሩ ወዲያው አልዳነም። ይቅር ብላኛለች፣ ሰላምታዋም እንደ ድሮው ነው። ምግብ ሳደርስላት ግን "በልቻለሁ እትዬ" ትለኛለች። ሳህኑ እንዳለ ይመለሳል። አልፈረድኩባትም፤ ፍርሃት በይቅርታ ብቻ ተጠርጎ አይወጣም። ልጆቿ ተመረቁ፣ ካርዶቹም ታደሉ። ሳህኑ ግን እንዳለ መመለሱን አልተወም።

ሐምሌ ላይ ክረምቱን አባቷ ዘንድ ልትከርም ሻንጣዋን ይዛ ልትሰናበተኝ መጣች። ቋሚ ሆናለች፤ መስከረም ላይ የተመደበችበት ትምህርት ቤት ሩቅ ስለሆነ ወደ እኔ ቤት አትመለስም። እኔ ምሳ ልበላ ተቀምጬ ነበር። ልማድ ሆኖብኝ "እንብላ" አልኩ፣ መልሱን እያወቅሁ። ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች። ወጥታ እጇን ታጥባ ገባችና አጠገቤ ተቀመጠች።

"ሽሮ ነው እትዬ?" አለች።

"ሽሮ ነው።"

ቆርሳ ጎረሰች። ሌላም ቆረሰች። እኔ ሽሮውን ወደ እሷ አስጠጋሁላት።

ዛሬም ጠርጣራ ነኝ፤ ተለወጥኩ ብዬ አልዋሽም። አሁን ያቺን ክፍል የተከራየው ሰውዬም ቅዳሜ ቅዳሜ የሚቀጠቅጠው ነገር አለ። ግን መስኮቱ ሥር መቆም ትቼ በሩን አንኳኩቼ ጠየቅሁት፤ የራዲዮ ጥገና እየተማረ ነው።

የስመኝን የክርስትና ስም ከቤተ ክርስቲያን ደጅ በደረስኩ ቁጥር አነሳዋለሁ፤ እስከ ዛሬ አልዘለልኩትም። እዚህ ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። አባቷ ለእኔ ብቻ ነው የሰጡኝ።